የጋሽ ደምሰው ድምፅና የማይዛወረው ዲስክ

ቀረብ በሉ፤ ረጅም ትንፋሽ ያለው ሰው ካለ ከፊት ይቀመጥ። ይህ ወሬ እያደር የሚረዝም ወሬ ነው፤ ተናጋሪውንም ሰሚውንም ያደክማል።

ጅማ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ፣ ራዲዮ ወገግታ የሚባል ትንሽ ጣቢያ ነበረ። በዚያ ጣቢያ ርብቃ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ትሠራ ነበር። ርብቃ ፈጣን ናት፤ ግን ሁለት ጊዜ ሳታረጋግጥ ምንም አታምንም። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ እጀታውን የምትነቀንቅ ዓይነት ሴት ናት።

አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጥቁር ነጠላ የለበሱ አንዲት አዛውንት ዳገቱን በቀስታ ወጥተው የርብቃን ቢሮ በር አንኳኩ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? አጸደ እባላለሁ። የደምሰው ሚስት ነኝ። የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ያነብ የነበረው ደምሰው።»

ርብቃ ጋሽ ደምሰውን በዓይኗ አላየችም፤ ስማቸውን ግን ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም። ለሃያ ሁለት ዓመት የጠፋ በሬ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ጫማ ሳይቀር በአዋጅ ድምፅ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ምን ልርዳዎት እማማ?»

«ለለቅሶ መጥቼ ነው ከቦንጋ። በዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ እመለሳለሁ። ዳግመኛ ይህን ዳገት የምወጣበት ጉልበት ይኖረኛል ብዬ አላስብም። ፊቱ አለኝ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ነው። ድምፁ ነው እየሸሸኝ ያለው። ሁለት ደቂቃ ድምፁን ብሰማ ሌላ ምንም አልፈልግ።»

«ይቺማ ቀላል ናት!» አለች ርብቃ። ዞር ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ቀላል ግን አልነበረችም። የጣቢያው የድሮ ድምፆች በጣቢያው ግቢ ውስጥ የሉም። ክላውድ በሚሉት ዘዴ፣ ሩቅ ባለ የሌላ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ በኪራይ ተቀምጠዋል። ጣቢያው እዚያ አንድ ቨርቹዋል ማሽን አለው፤ የራሱ አካል የሌለው፣ በትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ እንደ ተከራይ የሚኖር ማሽን ነው። ይህ ማሽን ሁለት ዲስክ ተሸክሟል። በአንደኛው የዕለቱ ዘፈንና ፕሮግራም አለ። በሁለተኛው፣ በአሮጌው፣ የጋሽ ደምሰውና የእኩዮቻቸው ድምፅ አለ። አከራዩ ድርጅት ደግሞ አሮጌ ዲስኮችን በአዲስ ሊለውጥ፣ ከዚያው ማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ቆልፏቸዋል።

ርብቃ በስክሪኗ ላይ የአሮጌውን ዲስክ ምልክት ነካች። «ተከፈትልኝ» አለችው።

«ወደ አዲስ ቦታ ካልተዛወርኩ አልከፈትም» አለ ዲስኩ። በእርግጥ ያለው በቀይ ጽሑፍ ነው፤ ግን ያው ማለት ነው።

ርብቃ አልደነገጠችም። ለማዛወሩ ተዘጋጅታበታለች፤ ስክሪፕት ጽፋለች። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ተራ በተራ እንዲፈጽመው የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ይህንን ቅዳ፣ ያንን አረጋግጥ፣ አሮጌውን ንቀል፣ አዲሱን ሰካ፣ ማሽኑን ቀስቅስ ይላል። ሁለት ሳምንት ለፍታበታለች። ስክሪፕቷን ጠራችው።

«እባክህ ዲስኩን አዛውርልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም።»

«ማሽኑ ካልቆመ አላዛውርም» አለ ስክሪፕቱ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ራሷ ርብቃ ናት። በገዛ እጇ የጻፈችው ነገር መልሶ ሲያፈጥባት ትንሽ አፈረች። ሆኖም ወደ ማሽኑ ዞረች።

«እባክህ ለሃያ ደቂቃ ቁምልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም።»

«ስቱዲዮው ካልለቀቀኝ አልቆምም» አለ ማሽኑ። «አሁን ዘፈን እያስተላለፍኩ ነው።»

ርብቃ ተነሳች። «እማማ፣ አንዴ መጣሁ» አለች።

«አይዞሽ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የትም አልሄድ» አሉ እማማ አጸደ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ስቱዲዮ ውስጥ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ የስርጭት ቴክኒሻን ነው። ድፍን ጅማ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ በእጁ ያልፋል፤ የራሱን ድምፅ ግን የሰማው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ማይክራፎን ፊት ቢያስቀምጡት፣ ስምህ ማነው ሲሉት፣ የወንድሙን ስም ተናግሮ ወጥቷል።

«ሸምሱዬ፣ ማሽኑን ለሃያ ደቂቃ ልቀቅልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም።»

ሸምሱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ዘፈኑም ማስታወቂያውም እዚያው ማሽን ላይ ነው። እሱን ከለቀቅኩ ጣቢያው ዝም ሊል ነው። ሃያ ደቂቃ ዝም ካልን ሰው ተዘጉ ይላል። በቀጥታ የሚናገር ሰው ካላመጣሽ አልለቅም።»

«አንተ ተናገርና!»

«እኔ?» አለ ሸምሱ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከዚያ ብትገድይኝ ይሻላል።»

ጋዜጠኞቹ ሁሉ የድልድይ ምረቃ ሊዘግቡ ወጥተዋል። የቀረችው ዘቢባ ብቻ ናት። ዘቢባ የጣቢያው ዋና አንባቢ ናት፤ ድምፅዋ ሲያምር ሹፌሮች መኪና አቁመው ያዳምጧታል ይባላል። ርብቃ የዜና ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ገባች፤ ዘቢባ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታለች።

«ዘቢባ፣ ሃያ ደቂቃ ተናገሪልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም፤ ሸምሱ ተናጋሪ ካላገኘ አይለቅም።»

ዘቢባ አፏን ከፈተች። የወጣው ነገር የበር ማጠፊያ ጩኸት ይመስል ነበር።

«ድምፄ ዘግቷል» አለች በሹክሹክታ። «ትኩስ ዝንጅብል ካልጠጣሁ አልናገርም። እንዲህ ሆኜ ብናገር ስሜ ይጠፋል።»

እሺ፣ ዝንጅብል። ርብቃ ደረጃውን ወርዳ ወደ ግቢው ሻይ ቤት ሮጠች። የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ባዶ ማንቆርቆሪያዎቻቸውን በቁመታቸው ደርድረው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በኩርፊያ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ ብርጭቆ ዝንጅብል ያፍሉልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም፤ ሸምሱ ተናጋሪ ካላገኘ አይለቅም፤ ዘቢባ ዝንጅብል ካልጠጣች አትናገርም።»

«ግማሹ አልገባኝም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ዝንጅብሏ ግን ገብታኛለች። ዝንጅብል አለ፤ እሳት አለ። ውሃ ነው የሌለው። ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ካጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የታሸገውም ከሱቅ አልቋል። ውሃ ካልመጣ በምን ላፍላልሽ፣ በምራቄ?»

«ከኋላ ያለው ታንከርስ?»

«እሱ ሙሉ ነው። ቁልፉ ግን ጋሽ ቦጋለ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሳቸው ደግሞ ከባንክ ካዝና ይብሳል።»

ጋሽ ቦጋለ የግቢው ጥበቃ ናቸው። በር ላይ፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ርብቃ ደርሳ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ዝርዝሩ እየረዘመ ስለሄደ ትንፋሽ ሳትሰበስብ አትጨርሰውም።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ታንከሩን ይክፈቱልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም፤ ሸምሱ ተናጋሪ ካላገኘ አይለቅም፤ ዘቢባ ዝንጅብል ካልጠጣች አትናገርም፤ እትዬ ጥሩወርቅ ውሃ ካልመጣ አያፈሉም።»

«አዝናለሁ» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «ባለፈው ወር በአፍ ብቻ ታዝዤ ከፈትኩ። ያ ውሃ የእሳት አደጋ መጠባበቂያ ነው ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቼ ፊት አፍሬአለሁ። የተፈረመ ወረቀት ካላየሁ ለራሴም አልከፍትም።»

ማስጠንቀቂያዋን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩአት፤ በላስቲክ ጠቅልለዋታል። እውነታቸውን ነው።

ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ደረጃውን መልሳ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ልሳነወርቅ ቢሮ አለ። አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ፣ ቃሉ ስሕተት መሆኑን ራሳቸው ቢያውቁትም አያነሱትም። ያን ዕለት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጠረጴዛቸው ላይ የተከመረውን ወረቀት በቁጣ ያዩታል።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ አንዲት ወረቀት ይፈርሙልኝ። እማማ አጸደ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም፤ ሸምሱ ተናጋሪ ካላገኘ አይለቅም፤ ዘቢባ ዝንጅብል ካልጠጣች አትናገርም፤ እትዬ ጥሩወርቅ ውሃ ካልመጣ አያፈሉም፤ ጋሽ ቦጋለ ወረቀት ካላዩ አይከፍቱም።»

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን አነሱ። «ርብቃ፣ በጥሩ ጊዜ መጣሽ። ቦርዱ የዲስኩን ሪፖርት ከጠዋት ጀምሮ እየጠየቀኝ ነው። ተዛውሯል የሚለው ሪፖርት ዛሬ መፈረም አለበት። እሱን ሳልፈርም ሌላ ወረቀት በብዕሬ አልነካም ብያለሁ። ብያለሁ፣ አለቀ!»

«ግን እኮ… ወረቀቱ ካልተፈረመ ዲስኩ አይዛወርም።»

«ዲስኩ ካልተዛወረ ደግሞ አልፈርምም።»

መሬት ላይ ያለውን ምንጣፍ እያየች በጣቷ ቆጠረች። ዲስኩ ከስክሪፕቱ፣ ስክሪፕቱ ከማሽኑ፣ ማሽኑ ከሸምሱ፣ ሸምሱ ከዘቢባ፣ ዘቢባ ከዝንጅብሉ፣ ዝንጅብሉ ከውሃው፣ ውሃው ከጋሽ ቦጋለ፣ ጋሽ ቦጋለ ከአቶ ልሳነወርቅ፣ አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ተመልሶ ከዲስኩ። ክብ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማት ታውቀዋለች፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁሉም ለዘለዓለም ይቆማል። በሰው ላይ ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ወደ ቢሮዋ ስትመለስ እማማ አጸደ እንደተቀመጡ ናቸው። ጥያቄ አልጠየቁም። ፊቷን አይተው ብቻ «ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል» አሏት። ያ ባሰባት። ተቆጥተው ቢሆን ይቀላት ነበር።

ኮምፒውተሯ ላይ ስክሪፕቱ እንደተከፈተ ነው። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ያቺ ትእዛዝ አለች፦ ማሽኑ ካልቆመ አታዛውር። አንዲት መስመር ናት። ብትሰርዛት ስክሪፕቱ አይጠይቅም፤ ማሽኑ እየሠራ ዲስኩን ከሥሩ መንጭቆ ያዛውረዋል። ምናልባት በደህና ያልፋል። ሸምሱ፣ ዘቢባ፣ ዝንጅብል፣ ታንከር፣ ሁሉም ይቀራል። ርብቃ መስመሯን መረጠቻት። ጣቷን መሰረዣው ላይ አሳረፈች።

ግን ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ቸኩላ፣ ሳታቆም አዛውራ ነበር። የሦስት ወር የልጆች ፕሮግራም ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ሳይገለበጥ ቀረ፤ ዳግመኛ አልተገኘም። ልጆቹ እየደወሉ «የኔ ግጥም መቼ ይተላለፋል?» ሲሉ መልስ የሰጠችው እሷ ናት። ያቺን መስመር ከስክሪፕቶቿ ሁሉ ላትለይ የማለችው በዚያ ሳምንት ነው። አሁን ደግሞ እዚያ ዲስክ ላይ የጋሽ ደምሰው ድምፅ አለ፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም።

ጣቷን አነሳች።

«እማማ፣ ይቅርታ» አለች። «አልቻልኩም።»

«ምንድነው የከለከለሽ? ንገሪኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

ርብቃ በረጅሙ ተነፈሰችና ጀመረች። «እርስዎ ድምፅ ፈልገዋል፤ ዲስኩ ካልተዛወረ አይከፈትም፤ ስክሪፕቱ ማሽኑ ካልቆመ አያዛውርም፤ ማሽኑ ካልተለቀቀ አይቆምም፤ ሸምሱ ተናጋሪ ካላገኘ አይለቅም፤ ዘቢባ ዝንጅብል ካልጠጣች አትናገርም፤ እትዬ ጥሩወርቅ ውሃ ካልመጣ አያፈሉም፤ ጋሽ ቦጋለ ወረቀት ካላዩ አይከፍቱም፤ አቶ ልሳነወርቅ ዲስኩ ካልተዛወረ አይፈርሙም!»

እማማ አጸደ ወንበራቸውን ወደ ርብቃ አስጠጉ።

«መሀል ላይ አንዱ ተናጋሪ አጣሁ ያለው… ምን የሚናገር ነው የፈለገው?»

«ምንም ይሁን። ሃያ ደቂቃ የሚናገር ሰው ብቻ።»

«ሃያ ደቂቃ ብቻ?» አሉ እማማ አጸደ፤ ተነሡና ነጠላቸውን አጣፉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከሃያ ሁለት ዓመት ያላነሰ ከራዲዮ ሰው ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ። አፌን ከፍቼ የጨረስኩት አንድም ቀን የለም። ውሰጅኝ።»

ለምን አላሰበችውም? ጠዋት ሙሉ ስትሮጥ የዋለችላቸው ሴትዮ ከወንበሯ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ እሷ ግን እርዳታ የሚፈልጉ እንጂ እሷን የሚረዷት አድርጋ አላየቻቸውም። እጃቸውን ይዛ ወደ ስቱዲዮ ወሰደቻቸው።

ሸምሱ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አያቸው። ርብቃን አያት። ማዳመጫውን በጥንቃቄ ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ከዚያ ዘፈኑን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ፤ ቀይዋ መብራት በራች። ማሽኑን ለቀቀ።

ርብቃ ወደ ቢሮዋ በረረች። ማሽኑን አቆመች። ስክሪፕቱን ጠራች። «ማሽኑ ቆሟል» አለችው። «አይቻለሁ» አለ ስክሪፕቱ። ማዛወር ጀመረ፤ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ። ጠረጴዛዋ ላይ ካለችው ትንሽ ራዲዮ የእማማ አጸደ ድምፅ ወጣ።

«ይሰማል? ይሰማል አለኝ። እንደምን ዋላችሁ የጅማ ሰዎች? አጸደ ነኝ። ባሌን ታውቁታላችሁ፤ የጠፋባችሁን ሲያነብላችሁ የኖረ ሰው ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ላውራችሁ፤ በሕይወት ቢኖር አያስወራኝም ነበር።

«አንድ ዓመት የራሳችን በቅሎ ጠፋች። በሉ ገምቱ፤ የሰውን በቅሎ ሁሉ ሲያስገኝ የኖረ ሰው የራሱ ስትጠፋ ማስታወቂያ ላንብብ ይላል? አይልም! አፈረ። ሁለት ቀን በእግሩ ፈለጋት። በሦስተኛው ቀን እኔ ተቆጣሁ። ከዚያ ምን ብሎ እንዳነበበ ታውቃላችሁ? ‹ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንድ ግለሰብ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሰው ሲያስነጥስ የምትደነግጥ በቅሎ ጠፍታባቸዋል› አለ። ታዲያ ጅማ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ የምትደነግጥ በቅሎ ያለችው የማን ቤት ነው? ሁሉም ያውቃታል! ስርጭቱ ሳያልቅ ሰዎች በቅሎዋን ስበው ከጣቢያው በር አደረሷት። ‹የደምሰው በቅሎ ተገኘች› እያሉ።»

ጣቢያው ውስጥ ስልክ ይጮኽ ጀመር። አንድ ሰው «እኔ ነኝ ያመጣኋት!» ይላል። ሌላው «ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ» ይላል። ዘቢባ በሻርፕ እንደተጠቀለለች መጥታ በመስታወቱ በኩል እያየች ድምፅ በሌለው ሳቅ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ቦጋለ በር ላይ ያለችውን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል።

ሃምሳ በመቶ። ሰባ በመቶ። እማማ አጸደ ስለ በቅሎዋ ጨረሱ፤ ስለ ጎረቤታቸው አወሩ፤ ስለ ቦንጋ ዝናብ አወሩ። ሃያው ደቂቃ ሞላ። ስክሪፕቱ ግን ሰማንያ ስምንት በመቶ ላይ ነው። ርብቃ ጥፍሯን ነከሰች። በራዲዮው ዝምታ ሆነ። አንድ ሴኮንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ይኸውላችሁ ወሬዬን ጨረስኩ» አሉ እማማ አጸደ። «እዚህ አጠገቤ ግን አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። አንተ ልጄ፣ ስምህ ማነው?»

ርብቃ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ፣ «ሸምሱ» አለ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የ… የአባ ቢያ። የመርካቶው ልብስ ሰፊ።»

«አባ ቢያ! የኔን ቀሚስ የሰፋው? አባትህ አለ?»

«አሉ… አሁን እየሰሙ ይሆናል። አባዬ፣ እኔ ነኝ።» ሸምሱ ትንሽ ሳቀ። አንዴ ከሳቀ በኋላ ግን የታሰረው ነገር ተፈታ። ስለ አባቱ መርፌ፣ ስለ ስፌት መኪናው ጩኸት፣ ልጅ ሆኖ ከመኪናው ሥር ተቀምጦ ራዲዮ ሲሰማ ስለማደጉ አወራ፤ አወራ፤ እማማ አጸደ እየጠየቁ እሱ አወራ።

ዘጠና አምስት። ዘጠና ዘጠኝ። መቶ። ስክሪፕቱ አሮጌውን ነቀለ፤ አዲሱን ሰካ፤ ማሽኑን ቀሰቀሰ። በአረንጓዴ ጽሑፍ «ተዛውሯል፤ ሁሉም ፋይል ተረጋግጧል» አለ። ርብቃ ግን ርብቃ ናትና ደግማ ራሷ አረጋገጠች።

ከዚያማ ምን ይቆማል! እማማ ተናገሩ፤ ሸምሱ ለቀቀ፤ ማሽኑ ቆመ፤ ስክሪፕቱ አዛወረ፤ ዲስኩ ተከፈተ፤ ዲስኩ ስለተከፈተ አቶ ልሳነወርቅ ፈረሙ፤ አቶ ልሳነወርቅ ስለፈረሙ ጋሽ ቦጋለ ታንከሩን ከፈቱ፤ ታንከሩ ስለተከፈተ ውሃ ወረደ፤ ውሃ ስለወረደ እትዬ ጥሩወርቅ ዝንጅብል አፈሉ፤ ዝንጅብል ስለፈላ ዘቢባ ጠጣች፤ ዘቢባ ስለጠጣች የስምንት ሰዓቱን ዜና እንደ ወትሮዋ አነበበች። ሸምሱን ብቻ ከማይክራፎኑ ለማስነሳት ትንሽ ተቸግረዋል።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ እማማ አጸደ ተመልሰው ከርብቃ ጎን ተቀመጡ። ርብቃ የማዳመጫውን ሁለት ጆሮ አስተካክላ አደረገችላቸው፤ ከጋሽ ደምሰው ቅጂዎች የመጀመሪያውን ነካች።

እማማ አጸደ አልተንቀሳቀሱም። ጋሽ ደምሰው እየተናገሩ ነው፤ ከማዳመጫው ውጭ እንኳ ትንሽ ይሰማል። «ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ እጀታው የዳክዬ ራስ የሚመስል አንድ ጥቁር ጃንጥላ…»

«ቆይ» አሉ እማማ አጸደ፤ እጃቸውን አነሡ። «መልሺው። ጃንጥላውን ተይው። ከእሱ በፊት ያለችውን።»

ርብቃ ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ከቃላቱ በፊት የወረቀት ኮሽታ አለ። ከኮሽታው በኋላ ሰውዬው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ፤ አንዴ ላላ አድርገው፣ አንዴ አጥብቀው።

እማማ አጸደ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ ናት» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከዚህች ድምፅ ጋር ነበር የምነቃው። ረስቻት ነበር እኮ! ጭራሽ ረስቻት፣ መርሳቴንም አላወቅሁም ነበር።»

እንባቸው ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ርብቃም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች፤ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ቅጂውን በእማማ አጸደ ስልክ ላይ ጫነችላቸው። ቁልፉን እንዴት እንደሚነኩት ሦስት ጊዜ አሳየቻቸው፤ ሦስት ጊዜ ነክተው ሦስት ጊዜ ጉሮሮ ጠረጋውን ብቻ ሰሙ። ከዚያ የሸምሱ አባት ራዲዮውን ሰምተው ሊወስዷቸው በባጃጅ መጥተው በሩ ላይ ይጠብቁ ነበርና ተሳፍረው ዳገቱን ወረዱ፤ አውቶቡሱም ሳይሞላ ደረሱበት።

ይኸው ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ሰማችሁ፤ እኔ ግን ያንን ሁሉ ‹ካል… ካል…› ስደጋግም ጉሮሮዬ ደርቋል፤ በሉ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀብሉኝ።